ዲስኒ ወርልድ ኦርላንዶ ሴሊያክ ካለባት ልጅ ጋር፦ ስለ ምግቡ ብቻ

ሴሊያክ ያለበት ልጅ ይዛችሁ ዲስኒ ወርልድ ለመሄድ እያሰባችሁ ምግቡ ካስፈራችሁ ሂዱ፣ መልሴ ይሄው ነው። ስለ ትኬቱ ዋጋ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ፍሎሪዳ ሙቀት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ እኔ ስለ ምግቡ ብቻ ነው የምጽፈው ምክንያቱም እኛ ቤት የት እንደምንሄድ የሚወስነው ምግብ ነው። ሆቴሉ የፈለገ ቢያምር ልጄ ቁጭ ብላ የምትበላው ነገር ከሌለ ለኛ እረፍት አይደለም፣ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማታውቁት በአጭሩ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ሴሊያክ ማለት ዝም ብሎ ሆድ የማይስማማ ምግብ ማለት አይደለም፣ ግሉተን (ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ስትበላ የራሷ ሰውነት ትንሹን አንጀቷን ያጠቃዋል፣ ከምግብ ውስጥ የሚጠቅመውን የሚመጠው የአንጀቱ ክፍል ይጎዳል፣ ልጅ ደግሞ ማደግ አለበት። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፣ ያለው መፍትሔ ከስንዴ ከገብስና ከራይ ሙሉ በሙሉ መራቅ ነው፣ ፍርፋሪም ቢሆን፣ ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋም ቢሆን። ስለዚ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚባለው የዘመድ ቃል እኛ ጋ አይሰራም።

ሰው ሁሉ «እናንተማ ጤፍ አላችሁ፣ ምን ችግር አለባችሁ» ይለናል። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አሜሪካ ውስጥ በየሱቁና በየሬስቶራንቱ የምናገኘው እንጀራ ብዙው ስንዴ ወይ ገብስ ወይ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፣ ሀገር ቤት ንጹሕ ጤፍ ቢፈጭ እንኳ ያው ወፍጮ ስንዴውንም ገብሱንም ሲፈጭ ነው የሚውለው። ለመንገድ የምንይዘው ስንቅ ራሱ በሶ ገብስ ነው፣ ጭኮ ገብስ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ስንዴ ነው። ሠርግና ልደት ላይ ሳምቡሳው ዳቦው ኬኩ ሲዞር ልጄ የራሷን ምሳ ዕቃ ይዛ ነው የምትቀመጠው፣ ለምዳዋለች ግን ደስ አይላትም፣ እኔም አልለመድኩትም። ይሄን የምለው ዲስኒ ላይ ያየሁት ነገር ለምን እንደዚ እንዳስደሰተኝ እንዲገባችሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርቨር መጥቶ የሚያስተናግድባቸውን ሬስቶራንቶች ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ሪዘርቭ ማድረግ ይቻላል፣ ዲስኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ደሞ ከገባበት ቀን ተቆጥሮ የቆይታውን እስከ 10 ቀን አንድ ላይ መያዝ ይችላል። እዛው ላይ አለርጂ የሚል ቦታ አለ፣ ግሉተን የሚለውን ትመርጣላችሁ። ስትደርሱ በር ላይ የምትቀበላችሁ ሠራተኛ ትጠይቃችኋለች፣ ካልጠየቀች ተናገሩ፣ ሰርቨሩ ሲመጣም ድገሙለት፣ መደጋገም አይሰልቻችሁ። አለርጂ ላለበት የተለየ ሜኑ ያመጣሉ፣ ሼፉን ማነጋገር እፈልጋለሁ ካላችሁ ደግሞ ሼፉ ራሱ ከኩሽና ወጥቶ ጠረጴዛችሁ ጋ ይመጣል። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ ከልጅ ጋር ስለ ምግቧ ሲያወራ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

እኛ በጣም የወደድነው ከአራቱ የዲስኒ ፓርኮች አንዱ የሆነው አኒማል ኪንግደም ውስጥ ያለው ታስከር ሃውስ ነው። ቡፌ ነው፣ ዶናልድ ዳክ የሳፋሪ ልብስ ለብሶ በየጠረጴዛው እየዞረ ልጆቹን ሰላም ይላል። እኔ ቡፌ በጣም ነው የምፈራው፣ አንዱ የዳቦውን መቆንጠጫ ወስዶ ሩዙ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ኬኩን ይዞ ፍራፍሬው ላይ ያንጠባጥባል፣ ምግቡ በራሱ ግሉተን ባይኖረውም በንክኪ ይበላሻል። ሼፉ መጣና ለኔ ሳይሆን ለሷ ጎንበስ ብሎ «አንቺ ነሽ ግሉተን የማትበይው? ነይ እናሳይሽ» አላት፣ እጇን ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው፣ ከመጀመሪያው ትሪ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ይሄ ይሆንሻል፣ ይሄ አይሆንሽም፣ ይሄ ይሆንሻል ግን ሰው ስለሚነካካው ከውስጥ አዲስ አመጣልሻለሁ እያለ አዞራት። ይሄን የመጨረሻውን በደንብ ያዙት፣ ቡፌ ላይ ከወጣው ሳይሆን ከኩሽና በንጹሕ ሳህን እንዲመጣላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ እኛ በጠየቅንበት ሁሉ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ አምጥተውልናል።

ከዛ ዋፍሉ መጣ። የሚኪ ማውስ ፊት ያለው ዋፍል፣ ግሉተን ፍሪ፣ ለብቻው በሳህን። ወንድሟ ፊት ያለውና የሷ ቅርጹ አንድ ነው፣ ጆሮው አንድ ነው፣ ሲሮፑ አንድ ነው። አንዴ የሱን አንዴ የሷን አየችና «ያው ነው!» ብላ ጮኸች። ባሌ ቀምሶት ከተለመደው ትንሽ ደረቅ ይላል አለ፣ ሲሮፕ ሲነካው ግን ልዩነቱ አይታወቅም፣ ለሷ ደሞ ጣዕሙ ጉዳይዋም አልነበረም። ግሉተን ፍሪ የሚኪ ዋፍል ታስከር ሃውስ ብቻ ሳይሆን ቁርስ የሚሰጡ ብዙ የዲስኒ ሬስቶራንቶች ላይ አለ፣ ሜኑ ላይ ባታዩትም ጠይቁ።

ሁለተኛው ቦማ ነው፣ አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባለው ሆቴል ውስጥ፣ ጃምቦ ሃውስ በሚባለው በኩል። እዛ ሆቴል ባታድሩም ሪዘርቬሽን ካላችሁ ትገባላችሁ፣ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ግቢው ውስጥ ሲግጡ ይታያሉ፣ ልጆቹ ከምግቡ በፊት እሱን ለማየት ነው የሚሮጡት። ምግቡ ከተለያየ የአፍሪካ ክፍል የተወሰደ ቡፌ ነው፣ ጥብስ ሥጋ አለ፣ ሾርባ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ቅመም ያለው ነገር ስላለ ለኛ ምላስ ይስማማል፣ ፓርክ ውስጥ በርገርና ናጌት (በዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ ዶሮ) ሲሰለቻችሁ እዚህ ነፍስ ትዘራላችሁ። እዚህም ሼፉ አዙሮ አሳየን። ዋጋው ይከብዳል፣ አልዋሽም፣ ግን ሕፃናት ከ3 እስከ 9 ዓመት በልጅ ዋጋ ነው የሚከፈልላቸው፣ ከ3 በታች ነጻ ነው፣ ከ10 ጀምሮ ግን እንደ ትልቅ ሰው ያስከፍላሉ፣ ልጃችሁ 10 ሊሞላው ከሆነ ቶሎ በሉ።

ሰርቨር የሌለባቸው፣ ቶሎ የሚበላባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ በአፑ ነው የሚሠራው፣ ማይ ዲስኒ ኤክስፒሪየንስ ይባላል። ሞባይል ኦርደር ውስጥ ገብታችሁ ሬስቶራንቱን ስትነኩ አለርጂ ፍሬንድሊ የሚል ክፍል ለብቻው አለ፣ ለግሉተን የሚሆነውን እዛ ታያላችሁ፣ በግሉተን ፍሪ ዳቦ የሚሠራ በርገር ያለበት ብዙ ቦታ ነው። ጠዋት አልጋ ላይ ሆናችሁ ሜኑውን ማየትና የት እንደምትበሉ መወሰን ትችላላችሁ፣ ይሄ ለኛ አይነት ቤተሰብ ግማሽ ጭንቀት ያቃልላል፣ ምክንያቱም ልጅ ርቦት እያለቀሰ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው «እዚህ አለ? እዚህ የለም» እያሉ መንከራተት የለም። ምግቡን ስትረከቡ ግን ዝም ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ግሉተን ፍሪ ያዘዝኩት ይሄ ነው ወይ ብላችሁ አንዴ ጠይቁ።

የድንች ጥብስ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ድንቹ ድንች ነው፣ ችግሩ ዘይቱ ነው፣ ናጌት የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከገባ በቃ ስንዴ በላች ማለት ነው። ስለዚ የምትጠይቁት «ድንቹ ግሉተን አለው ወይ» ብላችሁ ሳይሆን «ለድንቹ የተለየ ፍራየር (የዘይት መጥበሻ) አላችሁ ወይ» ብላችሁ ነው። አንዳንዱ ቦታ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፣ የሌለው የለኝም ብሎ ሲነግራችሁ አመስግናችሁ ሌላ ነገር ውሰዱ፣ እንደዛ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ነው የሚታመነው። አኩሪ አተር ሶስም እንደዛው፣ የተለመደው ሶይ ሶስ ስንዴ አለበት፣ እስያ ምግብ በሚሸጡት ጋ ሩዙን ብቻ አይታችሁ አትዘናጉ።

ደካማው ጎን የመንገድ ጋሪዎቹ ናቸው። ልጅ ፓርክ ውስጥ ስትሄድ አይኗ የሚያርፈው ቁርስና ምሳ ላይ አይደለም፣ ሰው እጅ ላይ ያለው ፕሬትዘል (የተጠማዘዘ ዳቦ) ላይ ነው፣ ቹሮስ ላይ ነው፣ ኩኪ ላይ ነው፣ እዛ ላይ ምርጫው ይጠባል፣ ሼፍ የለም፣ ጋሪው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ከታሸገው ወረቀት ላይ ካለው በላይ የሚያውቀው ብዙም የለም። እኛን ያዳነን ዶል ዊፕ ነው፣ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ አድቬንቸርላንድ ላይ አሎሃ አይል የሚባል ቦታ አለ፣ የአናናሱ ሶፍት ሰርቭ (አይስክሬም መሰል ቀዝቃዛ ነገር) ግሉተን የለውም፣ ወተትም የለውም፣ በዛ ሙቀት ደግሞ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ኮኑን ትታችሁ በኩባያ ውሰዱ። ከዛ ውጪ ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌ የሷ መክሰስ አለ፣ ወንድሟ ፕሬትዘል ሲገዛ እሷም የምታወጣው ነገር እንዲኖራት።

ምግብ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። የብርጭቆ ጠርሙስና የተበተነ በረዶ አይፈቀድም እንጂ ምሳ ዕቃ፣ ፍራፍሬ፣ ውሃ ይዞ መግባት ክልክል አይደለም፣ በር ላይ ቦርሳውን አይተው ያሳልፋሉ። የቤት ምግብ አሙቁልን ብትሏቸው ሬስቶራንቶቹ አያሞቁም፣ ግን በአራቱም ፓርኮች ቤቢ ኬር ሴንተር አለ፣ ማይክሮዌቭ አለው። የበረዶ ውሃ በኩባያ ምግብ የሚሸጡት ቦታዎች ላይ በነጻ ይሰጣሉ፣ ውሃ በገንዘብ አትግዙ።

ከቤት ምን ይዘን ሄድን? ድርቆሽ! ከመቶ ፐርሰንት ጤፍ እንጀራ ያደረቅኩት ድርቆሽ፣ ቋንጣና ሽምብራ ቆሎ። አውሮፕላን ላይ ደረቅ ምግብ በእጅ ሻንጣ ያልፋል፣ ወጥ ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ያስጥሏችኋል፣ ወይ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት። በርበሬና ሽሮም ብዛት ካለው ዱቄት ስለሆነ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን ከፍተው ሊያዩት ይችላሉ፣ አትደንግጡ። ማታ ደክሟችሁ ስትመጡ ድርቆሹን በቲማቲምና በቋንጣ ፈርፈር አድርጋችሁ መብላት፣ ያውም ቀኑን ሙሉ «ይሄ ምን አለው» ስትሉ ውላችሁ፣ እሱን የቀመሰው ያውቀዋል። ለዚህ ግን ኩሽና ያስፈልጋል፣ እኛ ዲስኒ አጠገብ ባለችው ኪሲሚ ከተማ ውስጥ ቤት ነው የተከራየነው። አዲስ መጥበሻና ማማሰያ ከቤት ይዤ ሄጃለሁ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ያለው ቶስተርና የእንጨት ማንኪያ የስንት ሰው ዳቦና ፓስታ እንዳለፈበት አይታወቅማ። ዕቃ የገዛነው ፐብሊክስ የሚባለው ሱፐርማርኬት ነው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በየመንገዱ አለ፣ ግሉተን ፍሪ ዳቦም ፓስታም ሞልቷል። እሽጉ ላይ ግሉተን ፍሪ የሚለውን ፈልጉ፣ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው ደንብ እንደዛ ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) በታች መሆን አለበት፣ «ስንዴ የለውም» የሚለው ብቻ ግን አይበቃም፣ የገብስ ማልት ሊኖርበት ይችላል፣ ኮርን ፍሌክስ ላይ በተለይ አንብቡ።

ከፓርኩ ውጪ ያለው ዓለም ሌላ መሆኑን ያየነው እዛው ኪሲሚ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ስሙን የማልጠራው ሬስቶራንት ገባን፣ ሴሊያክ ነው ብዬ አስረዳሁ፣ ሰርቨሩ እሺ እሺ አለ፣ ሰላጣው ሲመጣ ላዩ ላይ የነበረው የተጠበሰ ዳቦ ተነስቶ ፍርፋሪው ሥር ላይ ቀርቷል። ያየችው ልጄ ናት፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እማዬ፣ ዳቦ ነበረበት» አለችኝ። አዲስ ይሠራላት ስንል «አንስተንላት የለም እንዴ» ተባልን። ሰባት ዓመት ልጅ ምግቧን እንደ ፖሊስ መመርመር የለባትም፣ ይሄ ያናድደኛል፣ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል። ዲስኒ ውስጥ የተለየው ይሄ ነው፣ ሴሊያክ ስትሉ ፊታቸው አይቀየርም፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሠልጥነዋል፣ ፋሽን ነው ብለው አያስቡም። ግን ዲስኒ ራሱ ኩሽናዎቹ የጋራ ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ግሉተን የሌለው ነው ብሎ ዋስትና አይሰጥም፣ ይሄን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ፣ ልጃችሁ በጣም ጥቂቷም የምትጎዳው ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ፣ ብዙውን ምግብ ከቤት ያዙ።

ኩሽናው ራሱ ግሉተን የማይገባበት ቦታ ከፈለጋችሁ ዲስኒ ስፕሪንግስ ሂዱ፣ ኤሪን ማኬናስ ቤከሪ። ዲስኒ ስፕሪንግስ የሱቅና የምግብ ሰፈር ነው፣ ለመግባት ትኬት አያስፈልግም፣ ፓርኪንጉም ነጻ ነው። ቤከሪው ውስጥ ያለው በሙሉ ግሉተን ፍሪ ነው፣ በሙሉ ቪጋን ነው። ዶናት፣ ካፕኬክ፣ ኩኪ። ልጄ መስታወቱ ጋ ቆማ «የትኛው ነው የኔ?» አለችኝ፣ ሁሉም ያንቺ ነው አልኳት፣ አላመነችኝም፣ ሻጯን ደግማ ጠየቀቻት። እዛ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ለኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። የልጆቹ ስፕሪንግ ብሬክ ሁዳዴ ላይ ነው የዋለው፣ እኔና እናቴ እንጾማለን፣ ባሌ አይጾምም። ቪጋን ስለሆነ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የለበትም፣ እናቴ «ይሄ የጾም ነው?» ብላ ሦስቴ ካረጋገጠች በኋላ ከልጅ ልጇ ጋር አንድ ዶናት ተካፍላ በላች። ለጿሚዎች፣ ፓርኮቹ ሜኑ ላይ ትንሽ የቅጠል ምልክት አለች፣ የእንስሳት ተዋጽኦ የለውም ማለት ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ነው ያስገቡት፣ እሷን እያያችሁ ማዘዝ ነው። የቅጠሏ ምልክት ግን ስለ ግሉተን አትናገርም፣ ለልጁ ለብቻው መጠየቅ አለባችሁ።

ኤፕኮት ውስጥ ዓለምን የምትዞሩበት ክፍል አለ፣ 11 ሀገራት፣ ከአፍሪካ ሞሮኮ ብቻ ነች፣ ልጆቹ ኢትዮጵያ የታለች ብለው ፈልገዋል። እዛ ፈረንሳይ ጋ ያለው ላ ክሬፕሪ ደ ፓሪስ የሚባለው ምግብ ቤት የጨው ክሬፑን (ስስ ቂጣ) በባክዊት ነው የሚሠራው፣ ባክዊት ስሙ ዊት ቢልም ስንዴ አይደለም፣ ግሉተን የለውም። ጣፋጩ ክሬፕ ግን በስንዴ ነው፣ ስለዚ እዚህም ከማዘዛችሁ በፊት አናግሯቸው።

በሚቀጥለው ስንሄድ የምቀይረው ነገር ቢኖር ቡፌዎቹን ጠዋት መጀመሪያ ሰዓት ላይ መያዝ ነው፣ ገና ሰው ሳይነካካውና ሼፉ ፋታ እያለው። ጠዋት የጠገበች ልጅ ጋሪ ላይ ያለውን ፕሬትዘልም ብዙ አታየውም። ታስከር ሃውስ ቶሎ ነው የሚሞላው፣ 60 ቀኑ በገባበት ጠዋት ስልካችሁን ይዛችሁ ጠብቁ። ከኤሪን ማኬናስ ደግሞ የመመለሻችሁ ዕለት ዶናት በሳጥን ግዙ፣ አውሮፕላን ላይ በእጅ ያልፋል፣ ቤት ስትደርሱ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ የክፍል ጓደኛዋ ልደት ሲመጣ አንድ አውጥታችሁ ትሰጧታላችሁ።